ታኮያኪ፣ ያኪቶሪ ወይስ ያኪኢሞ? የጃፓን የመንገድ ዳር ምግቦች በእኛ ሆድ ሲመዘኑ

ኦሳካ፣ ዶቶንቦሪ ላይ 1,000 የን ይዛችሁ ቆማችኋል እንበል። በስተቀኝ ስምንት ፍሬ ታኮያኪ ትንሽ ጀልባ በሚመስል ሳህን ተደርድሯል። በስተግራ በእንጨት የተሰካ ዶሮ ከሰል ላይ ቸስ ቸስ ይላል። ፊት ለፊት ደግሞ የዓሣ ቅርጽ ያለው ትኩስ ኬክ ከብረት መጋገሪያው እየወጣ ነው። ያገኘውን ሁሉ የሚቀምስ ይቅመስ፤ ብዙዎቻችን ግን ከጣዕሙ በፊት ሌላ ጥያቄ አለን። አሳማ አለበት? እንቁላልስ? ደግሞ ዛሬ ረቡዕ አይደል እንዴ?

ለጎብኚ ተብሎ የሚወጣው “ሳትቀምሱት እንዳትመለሱ” የሚል ዝርዝር ይህን አይመልስም። ስለዚህ ምግቦቹን ጥንድ ጥንድ አድርጌ የማወዳድረው በሦስት ነገር ነው፦ ውስጡ ምን አለ፣ ስንት ያስወጣል፣ ለከፈላችሁት ያህልስ ያጠግባል ወይ። ጣዕሙንም እላለሁ፤ እሱ ግን የእኔ ምላስ ፍርድ ነው። ዋጋው እንደ ሰፈሩ ይለያያል፤ ጎብኚ በሚበዛበት ቦታ ከፍ ይላል።

ታኮያኪ ከኦኮኖሚያኪ

ሁለቱም የኦሳካ ኩራት ናቸው፣ ሁለቱም ከስንዴ ሊጥ ይሠራሉ፣ በላያቸው የሚፈስሰው ጥቁር ጣፋጭ ሶስና ማዮኔዝም አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ የሚታየው አሠራሩ ላይ ነው።

ታኮያኪ የሚጋገረው ክብ ክብ ጉድጓድ ባለው ምጣድ ላይ ነው። ሻጩ ቀጭኑን ሊጥ ከጉድጓዱ አልፎ ምጣዱን እስኪያጥለቀልቅ ያፈስሳል፤ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ቁራጭ ኦክቶፐስ ይጥላል፣ ባሮ ሽንኩርትና ቀይ ዝንጅብል ይበትናል። ከዚያ በሹል ብረት ዙሪያውን እየፈለቀቀ፣ የተረፈውን ሊጥ ወደ ውስጥ እየጠቀጠቀ እያንዳንዱን ሩብ ዙር ያዞረዋል። ግማሽ ክብ የነበረው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ኳስ ይሆናል። በላዩ የሚነሰነሰው ስስ የደረቀ ዓሣ ፍቅፋቂ በእንፋሎቱ ሲወዛወዝ ሕይወት ያለው ይመስላል። አሁኑኑ ልጉረስ ካላችሁ ግን ምላሳችሁ አለቀለት፤ ውጭው ሲቀዘቅዝ ውስጡ ገና እንደሚፈላ ገንፎ ነው። በስቴኪኒ ብሱትና እንፋሎቱ ይውጣ።

ይህ ምግብ አሁን ባለው መልኩ የታወቀው በ1935 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ አይዙያ በተባለው የኦሳካ ቤት ባለቤት በኤንዶ ቶሜኪቺ እጅ ነው። ሰውየው መጀመሪያ በሊጡ ውስጥ የበሬ ሥጋ ይከት እንደነበር ይነገራል። ምነው በዚያው በቀጠለ! ኦክቶፐስ “ክንፍና ቅርፊት” ከሌላቸው የባሕር እንስሳት ስለሆነ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11ን አጥብቆ ለሚይዝ ኦርቶዶክሳዊ ከአሳማ እኩል የተከለከለ ነው። አሳማ የለበትም ተብሎ ሲቀርብላችሁ ይህንንም አስቡበት። ሊጡም በእንቁላልና በዳሺ፣ ማለትም ከደረቀ ዓሣና ከባሕር ሣር በሚወጣ መረቅ ነው የሚበጠበጠው። ስምንቱ ፍሬ ከ500 እስከ 800 የን ይሸጣል፤ ሆድ አይሞላም፣ የምግብ ፍላጎት ግን ይከፍታል።

ኦኮኖሚያኪ ጥቅል ጎመን የሞላበት ወፍራም ቂጣ ነው። ኦሳካ ሁሉን ነገር አደባልቆ ይጋግረዋል፤ ሂሮሺማ ግን ስስ ቂጣ፣ የጎመን ክምር፣ ፓስታ መሳይ ኑድልና እንቁላል ይደራርባል። ብዙውን ጊዜ የአሳማ ጎድን ሥጋ ይነጠፍበታል። ነገር ግን “ኦኮኖሚ” ማለት “እንደ ወደዳችሁ” ማለት ነውና ከማዘዛችሁ በፊት “ቡታኒኩ ናሺ ዴ ኦኔጋይ ሺማስ” (ያለ አሳማ ሥጋ እባክዎ) ብትሉ በአይብ ወይም በአትክልት ብቻ ይሠራላችኋል። ምጣዱ ግን የጋራ ነው፤ ቀድሞ የተጠበሰበትን የአሳማ ሞራ ለሚጸየፍ ይህ ልመና አይበቃውም። ዋጋው ከ900 እስከ 1,500 የን ነው፣ አንዱ አንድ ሰው በደንብ ያጠግባል።

በእኔ ሚዛን ኦኮኖሚያኪ ይበልጣል። ከእሱ አሳማውን ማስወጣት ይቻላል፤ ከታኮያኪ “ታኮ”ውን፣ ኦክቶፐሱን፣ ካወጣችሁት ግን የሚቀራችሁ ትኩስ ሊጥ ብቻ ነው።

ያኪቶሪ ከካራአጌ

ዶሮን አሥራ ሁለት ብልት አድርጎ የሚያወጣ ሕዝብ ያኪቶሪ ቤት ሲገባ አይደነግጥም። ጃፓኖች እንዲያውም ብልቱን አብዝተው ይከፋፍሉታል፦ “ሞሞ” የጭኑ ሥጋ፣ “ካዋ” ቆዳው፣ “ሬባ” ጉበቱ፣ “ቦንጂሪ” ጭራው ሥር ያለው ሥብ፣ “ኔጊማ” ደግሞ ጭኑ ከባሮ ሽንኩርት ጋር እየተፈራረቀ የተሰካበት። የዶሮ ወጥ ወዳጅ በኔጊማ ቢጀምር አይቆጭም። ካዋ ከሰሉ ላይ ሥቡ ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ ከቆየ እንደ ቆሎ ይከሻከሻል፤ የተቸኮለበት ግን ጎማ ነው።

ሲያዝዙ የሚመጣው ጥያቄ “ሺዮ ወይስ ታሬ?” ነው። ሺዮ ጨው፣ ታሬ ጣፋጭ ሶስ ነው። ታሬ ውስጥ ሶያ ሶስና ስኳር ብቻ ሳይሆን ሚሪንና ሳኬ የሚባሉ የሩዝ አልኮሎችም ይገባሉ፤ አልኮል የማይነካ ሰው ሺዮ ይበል። አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፦ “ያኪቶን” የሚል ካያችሁ ስሙ ቢመሳሰልም አሳማ ነው። ፉኩኦካ ውስጥ ደግሞ ያኪቶሪ ቤት ራሱ የአሳማ ጎድን እንደ መደበኛ ምግቡ ያቀርባል። ሥጋው በማን እጅ ተባረከ የሚለውን ጥያቄ የማያልፍ ሰው፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ መልስ የሚያገኝበት ቦታ አይደለም። ሙስሊም አንባቢዎች ዮዮጊ ኡዬሃራ ባለው የቶኪዮ ታላቅ መስጊድ፣ ቶኪዮ ጃሚ፣ የሐላል ሱቅ ያገኛሉ።

ካራአጌ በሶያ ሶስ፣ በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ተዘፍዝፎ፣ ዱቄት ተነስንሶበት በዘይት የሚጠበስ ዶሮ ነው። በኩባያ ከ400 እስከ 600 የን ይሸጣል፣ ልጆች ይወዱታል፣ ያጠግባል። ችግሩ ዘይቱ ነው፤ በዚያው ድስት አሳማም ተጠብሶበት ሊሆን ይችላል፣ መዘፍዘፊያው ላይም ሳኬ የተለመደ ነው። ያኪቶሪ አንዱ እንጨት ከ150 እስከ 300 የን ስለሆነ ለመጥገብ አምስት ስድስት ያስፈልጋል። ቢሆንም ምርጫዬ ሺዮ ያኪቶሪ ነው፤ ምን እንደገባበት ዓይኔ እያየ ነው የሚጠበሰው።

ያኪቶሪውን ቆማችሁ ብትበሉ ይሻላል። አንድ ማታ ቶኪዮ ውስጥ ከባቡር ሐዲድ ሥር ካሉት ጠባብ ቤቶች አንዱ ገብቼ ሳላዝዝ ትንሽ ሳህን ጎመን መጣልኝ፤ ግብዣ መስሎኝ አመስግኜ በላሁ። ሒሳቡ ላይ 400 የን ተጽፎ ሳይ ልጨቃጨቅ ትንሽ ቀረኝ። “ኦቶሺ” ይባላል፣ የወንበር ዋጋ እንደማለት ነው፤ መጠጥ የሚሸጡ ቤቶች ደንብ ስለሆነ የማንም ማጭበርበር አይደለም። ጉርሻ ደግሞ አይሰጥም፤ ብታስቀምጡ ረሳችሁት ብለው ይከተሏችኋል።

ጾመኛ ከሆናችሁ፦ ያኪኢሞ፣ ዳንጎ፣ ኦኒጊሪ

ይህን ክፍል ማስረዘሜ ያለ ምክንያት አይደለም። ቶኪዮ ውስጥ ሳኩራ የሚባለው የቼሪ ዛፍ አበባ የሚፈካው አብዛኛውን ጊዜ በማርች መጨረሻ፣ በእኛ መጋቢት አጋማሽ ነው፤ ያ ሰሞን ፋሲካ ቶሎም ዋለ ዘገየ ከሁዳዴ አይወጣም። የቶኪዮ ማራቶንም በማርች መጀመሪያ ስለሚሮጥ አትሌቶቻችንን ሊደግፍ የሄደ ሰው ብዙ ዓመት ጾም ላይ ይደርሳል።

ያኪኢሞ የተጠበሰ ስኳር ድንች ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም። በጋለ ጠጠር ውስጥ ተቀብሮ ቀስ እያለ ይበስላል። ሚስጥሩም መዘግየቱ ላይ ነው፤ የድንቹ ስታርች ወደ ስኳር የሚለወጠው ሙቀቱ ከ60 እስከ 75 ዲግሪ አካባቢ ሲቆይ ነው፣ በችኮላ የበሰለው የማይጣፍጠውም ለዚህ ነው። በወረቀት ከረጢት ይሰጧችኋል። ለሁለት ስትከፍሉት ውስጡ እንደ ማር ቢጫ ሆኖ ይተናል፣ ቆዳው ላይም የፈሰሰው ስኳር ጠቁሮ ተጣብቋል። “ቤኒ ሃሩካ” የሚባለው ዝርያ እርጥብና በጣም ጣፋጭ ነው፤ ወላይታ እንደለመድነው ደረቅ ያለውን የሚወድ “ቤኒ አዙማ”ን ይፈልግ። በብርድ ወራት ዜማ እያሰማ የሚዞር መኪናም ይሸጠዋል፣ ግን ብዙ ጊዜ በኪሎ ስለሚመዝን ሳትጠይቁ አትቀበሉ፤ “ኢኩራ ደስካ?” (ስንት ነው?) በሉ። ሱፐርማርኬት በር ላይ ያለው ከ200 እስከ 400 የን ሲሆን በጣዕም አይተናነስም።

ዳንጎ ከሩዝ ዱቄት የተድቦለቦለ፣ ሦስት ወይም አራት ፍሬ በእንጨት የተሰካ ነው፤ ከ150 እስከ 250 የን። ስትነክሱት ይለጠጣል፣ ጥርስ ላይ ይንከራተታል። መጀመሪያ የቀመሰ ሐበሻ “ያልበሰለ ሊጥ” ሲል ሰምቻለሁ፣ አልፈርድበትም። ከአዙኪ፣ ከትንሿ ቀይ ቦሎቄ፣ የተሠራው ጣፋጭ የተቀባበት ለጾም ይሆናል። በአበባው ሰሞን የሚሸጠው ባለ ሦስት ቀለሙ፣ ሮዝ፣ ነጭና አረንጓዴው፣ እንዲሁ። ቡናማ ሶስ የሚፈስበት “ሚታራሺ” ግን አንዳንዱ ቤት ዳሺ ይጨምርበታል።

ኦኒጊሪ የሩዝ ጥቅል ነው፤ በየሱቁ ከ130 እስከ 220 የን ይገኛል። በጨው የተቀመመ ኮምጣጣ ፍሬ የያዘውን “ኡሜ” ምረጡ፤ ብዙ የሚሸጠው ቱና በማዮኔዝ እንቁላል አለበት። ፕላስቲኩ ላይ 1፣ 2፣ 3 ተጽፏል፦ መሀሉን ወደ ታች ሳቡ፣ ከዚያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን። ቅደም ተከተሉን ከዘለላችሁ የባሕር ሣሩ ፕላስቲኩ ውስጥ ይቀርና ሩዙ ራቁቱን ይወጣል።

ሦስቱን ሳወዳድር ያኪኢሞ ያለ ክርክር አንደኛ ነው፤ ያጠግባል፣ የተደበቀ ነገር የለበትም። ከዳንጎና ከኦኒጊሪ ግን ኦኒጊሪን አስቀድማለሁ፣ በጣዕም ሳይሆን በጽሑፉ። ጃፓን ውስጥ በታሸገ ምግብ ላይ እንቁላልና ወተት መኖሩ በሕግ መጻፍ አለበት፤ ስልካችሁን ከፍታችሁ በካሜራው አስተርጉሙት። የመንገድ ዳር ሻጭ ይህ ግዴታ የለበትም። ለጾመኛ ሱቅ ከድንኳን የሚሻለው በዚህ ነው።

በጃፓን በጋ፣ በእኛ ክረምት በሚውሉት በዓላት ላይ የበቆሎ እሸትም ይጠበሳል። ሽታው የክረምት አዲስ አበባን ያስታውሳል፤ ሶያ ሶስ ይቀቡታል፣ አንዳንዱ ግን ቅቤ ያክልበታል።

ጣፋጩ ወገን

ታይያኪ ስሙም ቅርጹም የዓሣ ነው፣ ዓሣ ግን የለበትም። ውስጡ የአዙኪ ጣፋጭ ወይም ካስታርድ ነው። ሊጡ ብዙ ጊዜ እንቁላል አለው፣ ስለዚህ የፍስክ ነው። ከ200 እስከ 300 የን። ጥሩ ቤት እስከ ጭራው ይሞላዋል፤ ክብደቱን በእጃችሁ ስትይዙት ታውቁታላችሁ። በቶኪዮ ሃራጁኩ ሰፈር የሚሸጠው ክሬፕ፣ በክሬም የተሞላ ስስ ቂጣ፣ ሁለት እጥፍ ገደማ ያስከፍላል፣ ክሬሙም ሸሚዝ ላይ ይንጠባጠባል። ለፎቶ ክሬፕ፣ ለሆድ ታይያኪ።

ገንዘባችሁን የማላስወጣባችሁ

ገበያ ውስጥ በእንጨት ተሰክቶ 2,000 የንና ከዚያ በላይ የሚጠየቅበት ዋግዩ የሚባል የጃፓን የበሬ ሥጋ አለ፤ ሁለት ጉርሻ ነው፣ በዚያ ብር ተቀምጣችሁ ትበላላችሁ። የፉኩኦካዎቹ የማታ ድንኳኖች፣ “ያታይ” የሚባሉት፣ ለዓይን ደስ ይላሉ፤ ዋናው ምግባቸው ቶንኮትሱ ራመን ግን ከአሳማ አጥንት የሚቀቀል መረቅ ነው። “ኒኩማን” የሚባለው በእንፋሎት የበሰለ ነጭ ዳቦም ውስጡ አሳማ ነው፤ ኮሮኬ የሚባለው የድንች ጥብስም ሥጋ ቤት ከተገዛ በአሳማ ሞራ ተጠብሶ ሊሆን ይችላል።

ስትገዙ “እዚህ ነው ወይስ ይዛችሁ?” ተብላችሁ ከተጠየቃችሁ ልዩነቱ ገንዘብ ነው፤ ከ2019 ጀምሮ ይዞ ለሚሄድ ግብሩ 8 በመቶ፣ ተቀምጦ ለሚበላ 10 በመቶ ነው። ትናንሽ ሻጮች ጥሬ ገንዘብ ስለሚመርጡ ባለ 100 የን ሳንቲም ያዙ። የቶኪዮ ጹኪጂ ገበያ ላይ በጠዋት ድረሱ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ አብዛኛው ይዘጋል። የኪዮቶ ኒሺኪ ገበያ ደግሞ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ እየሄዱ መብላት አይወደድም፤ የገዛችሁበት በር ላይ ቆማችሁ ጨርሱ። የቆሻሻ ቅርጫት በየመንገዱ አትፈልጉ፣ የለም። እንጨቱን ለሻጩ መልሱለት፣ በሁለት እጁ ይቀበላችኋል።