ሽምብጥ ላለችው የኮፒ ቤት እህታችን ምስጋና፣ ለወላጆች ደግሞ ጥቆማ

የባህር ዳር ወላጆች፣ በተለይ ከ8 እስከ 17 ዓመት የሚሆን ልጅ ያላችሁ፣ ይችን ጽሁፍ ጊዜ ሰጥታችሁ አንብቡልኝ። በሰው ፊት ላመሰግናት የምፈልጋት ሴት አለች። ሽምብጥ አካባቢ ትንሽዬ የጽህፈት መሳሪያና የኮፒ ቤት አላት። ስሜን አደባባይ አታውጪብኝ ስላለችኝ ስሟን አልጽፍም። ልጆቹ «እትዬ» ነው የሚሏት። እኔም እዚህ እንደዚያው ልበላት።

ቤቷ ሲያዩት እንደማንኛውም ኮፒ ቤት ነው። ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔሽን፣ ደብተር፣ እስክሪብቶ። ከኮፒ ማሽኑ ጀርባ ግን አንድ መደርደሪያ አለ። ከላይ እስከ ታች የልጆች ተረትና የወጣቶች ልብወለድ ነው። እነዚህን ታከራያለች። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ የመጽሐፍ ኪራይን ታስታውሳላችሁ። ማስያዣ ከፍለን፣ ሌሊቱን በሻማ ጨርሰን፣ ጠዋት ተራ ለያዘው እናስረክብ ነበር። አሁን ያ ነገር ከብዙ ሰፈር ጠፍቷል። እሷ ለልጆች ብላ መልሳዋለች። የሳምንቱ ሒሳብ ከአንድ ማኪያቶ ያንሳል።

ኪራዩ ብቻ ቢሆን ግን ይህን ያህል ባልጻፍኩ። እትዬ ልጆች ስላነበቡት መጽሐፍ የሚሉት ነገር አላቸው ብላ ታምናለች። ትጠይቃቸዋለች። መልሳቸውን እስከ መጨረሻው ትሰማለች። ከዚያም የተናገሩት ነገር ሥራ ላይ ሲውል ያዩታል። ይሄን የሚያደርግ ሌላ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

አሠራሯ እንዲህ ነው። ልጁ መጽሐፉን ሲመልስ «ከዚህ ታሪክ ምን ተማርክ?» አትለውም። ይህን ጥያቄ ልጆቻችን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጠግበውታል። መልሱንም ሳያነቡ ያውቁታል። ታዛዥ መሆን፣ አለመዋሸት፣ ታላላቆችን ማክበር። እሷ የምትጠይቀው ሌላ ነው። «የቱ ጋ ስትደርሽ ማቆም አቃተሽ?» «የቱ ጋ ሰለቸህ?» «ከሰዎቹ ውስጥ ያላመንሽው ማንን ነው?» «ቀጥሎ ለማን ይሰጥ?»

ከዚያ ቁራጭ ወረቀት ታቀብላቸዋለች። የተበላሸ ኮፒ አትጥልም፤ ጀርባው ንጹህ ስለሆነ አራት ቦታ ቆርጣ በካርቶን ታስቀምጠዋለች። ልጁ አስተያየቱን እዚያ ላይ ይጽፋል። ስም አይጻፍም። ዕድሜና ክፍል ብቻ። ወረቀቱ በመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ውስጥ ይለጠፋል። ቀጣዩ አንባቢ መጽሐፉን ሲያነሳ መጀመሪያ የሚገልጠው እሱን ነው።

ከእነዚህ ወረቀቶች ጥቂቱን በፈቃዷ ገልብጫለሁ። አንዱ «እስከ ገጽ 40 ታገሱ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። 12 ዓመት፣ 6ኛ ክፍል» ይላል። ሌላው «አያትየው ሲሞቱ አለቀስኩ። ከእራት በፊት እንዳታነቡት» ይላል። በጣም የገረመኝ ደግሞ ይሄኛው ነው። «ልጅቷ መጨረሻ ላይ ይቅርታ መጠየቅ አልነበረባትም። ጥፋቱ የአጎቷ ነው። 13 ዓመት፣ 7ኛ ክፍል።» ከሥሩ በሌላ እጅ፣ በሌላ ቀለም እንዲህ ተጽፏል። «ልክ ነሽ። ግን ባትጠይቅ የት ትኖር ነበር?» እነዚህ ሁለት ልጆች አይተዋወቁም። በአንድ መጽሐፍ ሽፋን ውስጥ ግን ትልቅ ሰው የሚከራከርበትን ነገር ተከራክረዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ይሰበሰባሉ። ቤቷ ጠባብ ስለሆነ ወንበር አይበቃም። የኮፒ ወረቀት ካርቶን ላይ የሚቀመጥ አለ፣ መሬት ላይ የሚዘረፈጥ አለ። ወላጅ በር ላይ ይቀራል። ምክንያቱን ስጠይቃት «ወላጅ ካለ ልጁ ከመናገሩ በፊት የወላጁን ፊት ያያል» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔም በረንዳው ላይ ባለችው አግዳሚ ወንበር ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ ድምፃቸው ግን ጥርት ብሎ ይሰማኛል። መብራት ሲጠፋማ ጨዋታው ይደራል። ማሽኑ ጸጥ ይላል፣ የሚያስቸኩል ደንበኛ አይኖርም፣ እትዬም መጥታ መሀላቸው ትቀመጣለች።

ሦስት ደንቦች አሏት። ያላነበበ አይከራከርም። መጨረሻውን መናገር ክልክል ነው። «ሰለቸኝ» ማለት ይቻላል፤ የሰለቸህበትን ገጽ ማሳየት ግን ግዴታ ነው። ይህች ሦስተኛዋ ደንብ ልጄን ለውጣታለች። 13 ዓመቷ ነው፣ 7ኛ ክፍል። ድሮ «ደስ አይልም» ካለች አለቀ፣ ሌላ ቃል አይወጣትም። አሁን መጽሐፉን ከፍታ «እዚህ ጋ ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ቤቱ ዕቃ ብቻ ነው የሚያወራው፣ ሰዎቹ የት ሄዱ?» ትላለች። ስትናገር ልቤ ቅቤ ይጠጣል።

ትንንሾቹ ስለ ተረት ሲያወሩ ብትሰሟቸው! አንድ የ9 ዓመት ልጅ «ጅብ በሁሉም ተረት ሞኝ የሚሆነው ለምንድን ነው? እኛ ሰፈር ሌሊት የሚመጣው ጅብ ሞኝ አይደለም። በግ ወስዶ ማንም አልያዘውም» አለ። እትዬ አልሳቀችም። «እንግዲያው ብልህ ጅብ ያለበት ተረት ፈልጉልኝ፤ ካጣችሁ ጻፉልኝ» አለቻቸው። አምጥተዋል፣ መደርደሪያው ላይ ተሰፍቶ ተቀምጧል።

ሌላ ቀን ደግሞ አባቱ ዓሣ አስጋሪ የሆነ ልጅ አንድ የሥዕል መጽሐፍ ይዞ መጣ። ታሪኩ ጣና ላይ ነው። እሱ የተከራከረው ሥዕሉን ነበር። በሥዕሉ ላይ ያለው ታንኳ ጠርዙ ከፍ ያለ ነው፤ ቀዛፊው ደረቅ ልብስ ለብሶ ቁጭ ብሏል። ልጁ «የደንገል ታንኳ እንዲህ አይደለም። ውሃ በሥሩ ይገባል፣ የተቀመጠ ሰው ይረጥባል። ውሃ ሲጠግብ ደግሞ ይከብዳል፣ ዳር አውጥተን ፀሐይ ላይ እናደርቀዋለን» አላቸው። ክፍል ውስጥ ብዙም የማይናገር ልጅ ነው አሉ። ያን ቀን ሁሉም እሱን ሲጠይቅ ዋለ። አስተያየቱ አሁን መጽሐፉ ውስጥ ተለጥፏል። «ታሪኩ ጥሩ ነው። ታንኳው ግን ልክ አይደለም። ሠዓሊው መጥቶ ይይ።»

ከፍ ላሉት የቆዩ ልብወለዶችንም ታቀርብላቸዋለች። የአፈወርቅ ገብረኢየሱስን «ጦቢያ» ጮክ ብላ አንብባላቸዋለች። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብወለድ የሚባለው ነው፣ 1908 እ.ኤ.አ. ሮም የታተመው። ቋንቋው ለዛሬ ልጅ ይከብዳል፤ ስለዚህ ትንሽ አንብባ ታቆማለች፣ ያወሩበታል፣ ትቀጥላለች። ጸሐፊው ከባህር ዳር በጀልባ የምንሄድባት የዘጌ ተወላጅ መሆኑን ስትነግራቸው አንድ ዘመዶቹ ዘጌ ያሉ ልጅ ከተቀመጠበት ተነሳ። «የኛ አገር ሰው ነው!» ብሎ ጮኸ። ጦቢያ መንታ ወንድሟን ፍለጋ እንደ ወንድ ለብሳ መንገድ የምትወጣ ልጅ ናት። የኔዋ ልጅ ወዲያው «ልብሱስ እሺ፣ ድምጿን ምን አደረገችው?» አለች። አንዱ «የጎረምሳ ድምፅም እኮ መጀመሪያ ቀጭን ነው» አላት። ቤቱ በሁለት ተከፈለ።

ከሁሉም በላይ የማይረሳኝ የ10ኛና የ11ኛ ክፍሎቹ ክርክር ነው። ያነበቡት የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር። የ1958 ዓ.ም. መጽሐፍ ለዛሬ ወጣት ምን ይለዋል ትሉ ይሆናል። ብዙ ይለዋል! ወደ ፍኖተ ሰላም ስንሄድ የምናልፋት ማንኩሳ እዚያ ውስጥ አለች። ንግግሩ የአያቶቻቸው ንግግር ነው። አንዲት ልጅ እንዲህ ብላ ጀመረች። «በዛብህን ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ወላጆቹ ናቸው። ሌላ ሰው የተሳለው ስዕለት ልጁን ለምን ያስረዋል?» ከመካከላቸው አንድ ዲያቆን አለ። እሱ ደግሞ «ልጁ የተረፈው በስዕለቱ ነው፤ ስዕለት ጨዋታ አይደለም» ብሎ ጸና። ሁለቱም ከልባቸው ነበር፣ ድምፃቸው ከፍ አለ። እትዬ ለአንዳቸውም አልፈረደችም። «በዛብህ ራሱ ስለ ስዕለቱ የሚናገርበትን ቦታ አውጡልኝ» አለቻቸው። ሁሉም ገጽ ማገላበጥ ጀመረ። ያኔ ቤቱ ውስጥ የገጽ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ልጄ መጽሐፉን ገና አልጀመረችውም። ጥያቄውን ግን ቤት ይዛው መጣች፣ ለእናቴ አቀረበችላት። እናቴ መጽሐፉን የምታውቀው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምታ ነው። እሷ ስለ ስዕለቱ ብዙ አልተጨነቀችም። «እኔ ያለቀስኩት ለጉዱ ካሳ ነው፤ እውነት ተናግሮ እብድ ለተባለው» አለቻት። ቀጥላ መጨረሻውን ልትነግራት ስትል ልጄ ጆሮዋን ይዛ «እማማ፣ እንዳትነግሪኝ፣ ክልክል ነው!» ብላ ወደ ጓዳ ሮጠች። አያትና የልጅ ልጅ ስለ ልብወለድ ሲከራከሩ ቤቴ ውስጥ የሰማሁት ያን ማታ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሥራዋ ልመለስ። እትዬ ዕቃ ልታመጣ አዲስ አበባ ስትሄድ የልጆቹን ወረቀት አይታ ነው መጽሐፍ የምትገዛው። መርማሪ ታሪክ ብዙ ጊዜ ከተጠየቀ እሱን ትፈልጋለች። «ሴት ልጅ ዋና የሆነችበት ጀብዱ» ብለው ከጻፉ እሱን ትጠይቃለች። ስትመለስ «ይሄ የመጣው በእናንተ ወረቀት ነው» ብላ ትነግራቸዋለች። መንገድ ተዘግቶ፣ ትምህርት ተቋርጦ ቤት በዋልንባቸው ሳምንታት ደግሞ የቆየ መጽሐፍ ሁሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ነው የተቀበለችው። ለዚህም ብዙ ወላጅ ዝም ብሎ አልፏታል። እኔ ዝም ማለት አልፈልግም።

የሚጎድላትንም ልናገር፣ እንድናግዛት። ለትንንሾች የሚሆን ተረት አላት። ለትልልቆች የቆዩት ልብወለዶች አሏት። ከ12 እስከ 15 ላሉት ግን በአማርኛ የተጻፈ ነገር በጣም ያንሳታል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ተረት ማንበብ ያፍራል፣ የትልልቅ ሰው ልብወለድ ደግሞ ይረዝምበታል። ክፍተቱን በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ትሞላለች፤ ልጆቹም ያነቧቸዋል፣ ግን በረዶ ላይ ስለ መንሸራተት የሚያወራውን ስንቱን ያንብቡ? ቤታችሁ ልጆቻችሁ ያለፉት የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ካለ ውሰዱላት። የትምህርት ቤት መማሪያ መጽሐፍ አትውሰዱላት፣ ቦታ የላትም። የምትጽፉ ሰዎች ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ለእነዚህ ልጆች ጻፉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱም ቅዳሜ ከሰዓት ይዛችሁ ሂዱና አስነብቧቸው። የሰለቻቸውን ገጽ ያለ ይሉኝታ ያሳዩዋችኋል።

ለመመዝገብ ልጁ ራሱ መሄድ አለበት። ወላጅ ሄዶ «ለልጄ የሚሆን ስጪኝ» ቢላት አትሰጥም፤ መራጩ ልጁ ነው። ማስያዣ አለ፣ ሲለቁ ይመለሳል። መጽሐፍ ከተቀደደ አትቆጣም፤ ልጁ ራሱ እንዲለጥፈው ማጣበቂያና ወረቀት ትሰጠዋለች። እሁድ ዝግ ነው።

እትዬ፣ እህቴ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። ልጄን አዳመጥሻት። ሐሳቧን በወረቀት አስጽፈሽ ለማታውቀው ልጅ አደረስሽላት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ቤትሽ ይስፋ።

ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ በባጃጅ እንዴት እንደሚደረስ እነግራችኋለሁ። ቅዳሜ ከሆነ ከ8 ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ከዚያ በኋላ ካርቶኑም መሬቱም ይያዛል።