ትልቅ ታራንቱላ በጅማ፦ ከመጠኗ በፊት ምግቧን አስቡ

ትልቅ ታራንቱላ፣ ማለትም ፀጉራም ትልቅ ሸረሪት፣ ማሳደግ ለምትፈልጉ፣ በተለይ ጅማና አካባቢዋ ላላችሁ፣ ላሲዮዶራ ፓራሂባና የምትባለውን የብራዚል ሸረሪት እመክራለሁ። ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል እሰጣታለሁ። ግማሿን የቀነስኩት በፀጉሯ ምክንያት ነው፤ እመለስበታለሁ።

የኔዋ የመጣችው ከነሙሉ ወረቀቷ ነው። እዚህ ከተማ ያስተምር የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ሦስት ሸረሪቶቹን የሚረከበው ሰው ፈለገ። እኔን አንዷን ምረጥ አለኝ። ሦስቱም ትልልቅ ናቸው፤ አመላቸውና ፍላጎታቸው ግን ለየቅል ነው።

አንደኛዋ ጎልያድ ናት፣ ቴራፎሳ ብሎንዲ። በክብደት ከዓለም ሸረሪቶች የሚስተካከላት የለም። እግሯን ዘርግታ ስትለካ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ ደግሞ 170 ግራም ገደማ ይደርሳል። ስታዩዋት ልብ ትሰርቃለች፣ እውነቴን ነው። ግን የደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል የዝናብ ደን ልጅ ስለሆነች ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ፣ ሳይቋረጥ ትፈልጋለች። ጅማ እርጥበት አያንሳትም። ሆኖም ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ይበርዳል፣ መብራት ከጠፋ ደግሞ ማሞቂያው ዋጋ የለውም። እርጥብ አፈር ሲቀዘቅዝ ሻጋታ ያመጣል፣ ሸረሪቷም ትጎዳለች። ለዚህ ነው የተውኳት።

ሁለተኛዋ ግራሞስቶላ ፑልክሪፔስ፣ የፓራጓይና የአርጀንቲና ቻኮ ሜዳ ሸረሪት ናት። ጉልበቷ ላይ ወርቃማ መስመር አላት። 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትደርሳለች፣ በጣም ረጋ ያለች ናት። ሸረሪት አሳድጎ ለማያውቅ ሰው ከኔዋም ይልቅ እሷ ትሻላለች። ግን ቀስ ብላ ነው የምታድገው፣ አንዳንዴም ለወራት ምግብ አልነካም ትላለች። እኔ ደግሞ ስትበላ ማየት ነው የምወደው።

ላሲዮዶራ ሁለቱን ታስታርቃለች። ከሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ናት፣ እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች፣ ቶሎ ታድጋለች፣ ጎበዝ በላተኛ ናት። የጅማ ቤት ውስጥ ሙቀት ያለ ማሞቂያ ይበቃታል። በብርዱ ወራት ትንሽ ትቀንሳለች እንጂ አትታመምም። ሴት ከሆነች ከ10 ዓመት በላይ አብራችሁ ልትኖር ትችላለች። ወንዱ ግን ለአቅመ አዳም ከደረሰ በኋላ ብዙ አይቆይም፣ ስለዚህ ስትመርጡ ፆታዋን ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ምግቡ እንምጣ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ሸረሪቷም የምትሞተው።

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ወፍ ትበላለች? አይጥስ?» ብሎ ነው። ለእነዚህ ትልልቅ ሸረሪቶች ወፍ በላ የሚለው ስም የተስፋፋው ነፍሳትን ትሥል የነበረችው ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን ደቡብ አሜሪካ ያለችው ሱሪናም ደርሳ ከመጣች በኋላ በ1705 በታተመ፣ ሸረሪት ወፍ ስትበላ በሚያሳይ ሥዕሏ የተነሳ ነው፤ እውነተኛ ምግባቸው ግን በአብዛኛው ነፍሳትና ትላትል ነው። አይጥን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው። አትስጡ! ሸረሪቷ አያስፈልጋትም፣ በሕይወት ያለ አይጥ ሊነክሳት ይችላል፣ ትርፍራፊው በእርጥብ አፈር ላይ በአንድ ሌሊት ይሸታል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ከሰው ቤት የተያዘ አይጥ የአይጥ መርዝ በልቶ ሊሆን ይችላል። ሥጋ ቤት ሄዶ ቁራጭ ሥጋ አምጥቶ መስጠትም ያው ነው፤ ይበሰብሳል እንጂ የነፍሳትን ያህል አይጠቅማትም።

ከሜዳ የተያዘ ፌንጣስ? ጫት ወይም አትክልት አጠገብ ከሆነ በፍጹም። መድኃኒት የተረጨበት ቅጠል የበላ ፌንጣ ሸረሪቷን ይገድላታል። ከወጥ ቤት የተያዘ በረሮም እንደዚያው ነው፣ ጎረቤት የረጨውን መድኃኒት ማን ያውቃል።

እኔ የማምነው እቤቴ የረባውን ነው። ሌሊት የሚጮኸውን ቡናማ ፌንጣ መድኃኒት ከማይደርስበት ቦታ አምጥቼ፣ ለሸረሪቷ ሳልሰጥ እንቁላል እንዲጥል አደረግኩ። የምትበላው እዚሁ የተፈለፈሉትን ልጆቹን ነው። የሚያስፈልገው ክዳኑ የተበሳ ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን፣ መደበቂያ የሚሆን የእንቁላል ካርቶን፣ እንቁላል የሚጥሉበት እርጥብ አፈር በትንሽ ዕቃ፣ ለምግብ ደግሞ ካሮትና ፉርሽካ ነው። ውኃ በጥጥ አርሳችሁ ስጡ፣ በሳህን ከሆነ ይሰምጣሉ። ወንዶቹ ሌሊት ይጮኻሉ፣ መኝታ ቤት እንዳታስቀምጡ። ከቀዘቀዙ ለመፈልፈል ይዘገያሉ፣ ስለዚህ ሞቅ ያለ ጥግ ፈልጉላቸው።

ሁለተኛ ምርጫዬ ፉርሽካ ውስጥ የሚያድገው የዱቄት ትል ነው። ድምፅ የለውም፣ ወጪውም እዚህ ግባ አይባልም። ግን ቅባት ይበዛበታል፣ ከተለቀቀ ደግሞ አፈር ውስጥ ይገባና ይጠፋል። ጎድጎድ ባለ ሳህን አድርጋችሁ አቅርቡ፣ አልፎ አልፎ ብቻ።

መጠኑን በሆዷ ለኩ፤ አንዱ ፌንጣ ከሆዷ መብለጥ የለበትም። ለትልቅ ሸረሪት በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ጥቂት ትልልቅ ፌንጣ ይበቃል። ትንንሾቹ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበላሉ። ሆዷ ተነፍቶ መሬት ሊነካ ሲደርስ ቀንሱ፣ ምክንያቱም የወፈረ ሆድ ከወደቀች በቀላሉ ይፈነዳል። ያልበላችውን በማግሥቱ አውጡ።

ድንገት መብላት ካቆመችና ሆዷ ከጠቆረ ቆዳዋን ልትቀይር ነው። አታስገድዷት። በጀርባዋ ተንጋላ ካያችኋት አልሞተችም፣ እባካችሁ አትንኳት! በዚያ ሰዓት ሳጥኗ ውስጥ አንድ ፌንጣ እንኳ ከቀረ ገና ያልጠነከረ ገላዋን ሊቆረጥም ይችላል። ከቀየረች በኋላም የመርዝ ጥርሷ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ከዚያ ይቀላል፣ በመጨረሻ ይጠቁራል። እስኪጠቁር፣ ለትልቅ ሸረሪት ሁለት ሳምንት ገደማ፣ ምግብ የለም። ውኃ ግን ሁልጊዜ ይኑር፤ ለኔዋ የሲኒ ማስቀመጫ ይበቃታል።

ሳጥኗን መርካቶ አካባቢ ያለ አልሙኒየምና መስታወት ቤት ነው ያሠራሁት፣ ሥራቸው አምስት ኮከብ ነው። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ልኩን ሲያዩ «ልጄ፣ ለዓሣ ከሆነ ከፍ ይበል እንጂ» አሉኝ። «አይ ጋሼ፣ ለሸረሪት ነው፣ ከወደቀች ትሞትብኛለች» ስላቸው ሳቁና ከአፈሩ እስከ ክዳኑ ያለውን ከእግሯ ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ እንዳይበልጥ አድርገው ቆረጡልኝ። ክዳኑን በወንፊት ሽቦ አታሠሩ፣ ጥፍሯ ይያዛል። ጠንካራ ፕላስቲክ አስበሱ። ውስጡ ማዳበሪያና መድኃኒት ያልነካው አፈርና መደበቂያ የሚሆን የተሰበረ ማሰሮ በቂ ነው።

ግማሽ ኮከብ የቀነስኩበት ፀጉር እንግዲህ ይሄ ነው። ስትናደድ በኋላ እግሯ ሆዷን ፈግፍጋ ፀጉር ትበትናለች። ቆዳ ላይ ሲያርፍ ለቀናት ያሳክካል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ሐኪም ቤት ያስኬዳል። ፊታችሁን ሳጥኗ ላይ አታድርጉ፣ ሳጥኗን ስታጸዱ ጓንትና መነጽር አድርጉ። እጅ ላይ ማውጣቱንም ተዉት። ለሷ ምንም ደስታ የለውም፣ ከወደቀች ደግሞ አለቀላት። ትንንሽ ልጆች እንደልብ በሚገቡበት ክፍል ብታስቀምጧት አልስማማም።

አንድ ነገር አደራ። ሸረሪት ከውጭ ለማስገባት ሕጋዊ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ያለ ወረቀት የሚሸጥላችሁ ካለ አትግዙ። የሰለቻችሁ ዕለትም ደን ውስጥ እንዳትለቋት። በለጠ ጌራን የመሰለ የጫካ ቡና የሚበቅልበት ደን አጠገባችን ነው ያለው፤ የብራዚል እንስሳ እዚያ ምንም ሥራ የላትም። ከሰለቻችሁ የሚረከባት ሰው ፈልጉ።

ጅማ ውስጥ ሆናችሁ ሸረሪት ለመያዝ ካሰባችሁ፣ ሸረሪቷ ከመምጣቷ በፊት የፌንጣውን ሳጥን ጀምሩ። እንቁላል ያለበት አፈር በነፃ እሰጣችኋለሁ፣ ክዳን ያለው ዕቃ ብቻ ይዛችሁ ኑ።