የሞኔ የሴን ወንዝ ማለዳ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ታትሞ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሥዕል በሸራ ላይ እያተመ ፍሬም የሚያበጅ አንድ ሱቅ አለ። እዚያ ያሠራሁት የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የክሎድ ሞኔን ሥዕል ቅጂ ነው። ዋናው በ1897 እ.ኤ.አ. የተሣለ ሲሆን በፈረንሳይ፣ በዢቨርኒ መንደር አጠገብ ያለውን የሴን ወንዝ ቅርንጫፍ በጉም እንደተሸፈነ ያሳያል፤ አሁን የሚገኘው በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ነው።

ፍሬሙ እጅግ መልካም ነው። ዋንዛ ነው፤ ማዕዘኖቹ ወረቀት አያስገቡም፣ ሸራውም ከጀርባ በደንብ ተወጥሮ ተመትቷል። የከተማችን ክረምት ስንት እንጨት ያጣምማል፤ ይህ ግን ንቅንቅ አላለም።

ህትመቱ ነው ያሳዘነኝ። እኔ ስጋጃ ሠሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከሱፍ ቀለም ጋር ነው የምውለው። የመንዝ በግ ነጭና ጥቁር ሱፍ አብሮ ሲፈተል ከሩቅ አንድ ግራጫ ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉ ሁለቱም እዚያው ናቸው። የሞኔም ጉም እንዲሁ ነው፤ ሐምራዊው፣ አረንጓዴውና ፈዛዛው ሮዝ በስሱ ተደራርበው ነው ጉም የሚሆኑት። ሱቁ ሁሉንም ወደ አንድ ደማቅ ሰማያዊ ለውጦታል። በዋናው ሥዕል የዛፉ ቅጠልና የውሃው ነጸብራቅ የሚለያዩበት ቦታ ለዓይን አይያዝም፤ በእኔ ቅጂ ግን በቀለም የተሰመረ የሚመስል ጥቁር መስመር ወጥቶበታል።

ሞኔ ይህ ሥዕል ያለበትን፣ የሴን ወንዝን ማለዳ ደጋግሞ የሣለበትን ተከታታይ ሥራ በ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝናብ ስላስቸገረው በቀጣዩ ዓመት ነው የገፋበት። ገና ሳይነጋ ተነሥቶ በጀልባ ላይ ሆኖ ይሥል ነበር፤ ብርሃኑ በተለወጠ ቁጥር ሸራውን ይለውጣል። የሣለው ያችን ሰዓት ነው ማለት ነው። በኅዳር ማለዳ የከተማችንን የበሬሳ ወንዝ የተሻገረ ሰው ያንን ብርሃን ያውቀዋል፤ ደማቅ ሰማያዊ ግን አያይበትም።

መጠኑም ተበላሽቷል። ዋናው 90 በ93 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ካሬ ሊሆን ጥቂት የቀረው። ሱቁ የለመደው 60 በ90 ስለሆነ ከላይ ሰማዩን፣ ከታች ውሃውን ቆርጦታል። ላይኛው ግማሽ በታችኛው የሚታይበት ሥዕል እንዲህ ሲቆረጥ ምን ይቀረዋል? በዚያ ላይ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ተቀብቶ በመስኮት ፊት ለፊት ሲሰቀል የሚታየው መስኮቱ ነው።

ሠራተኛው ልጅ ትሑት ነው። «እትዬ፣ ደመቅ ካላለ ሰው አይገዛም» አለኝ። «ልጄ፣ የገዛሁት እኔ ነኝ፤ እኔ የምፈልገው እንደ ዋናው እንዲሆን ነው» አልኩት። ያለ ቫርኒሽ፣ በትክክለኛው መጠን በግማሽ ዋጋ ደግሞ ሊያትምልኝ ተስማማ፤ አዲሱ ፍሬም ግን በእኔ ሒሳብ ነው።

ልታሠሩ የምታስቡ የሥዕሉን ምስልና ልኬቱን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሙሉው ከመታተሙ በፊት በቁራጭ ሸራ ላይ ሞክረው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ ቁራጩንም ወደ ደጅ አውጥታችሁ በቀን ብርሃን እዩት።