ኤሲአይ 318ኤም-19፦ ድንጋጌው በግራ፣ ማብራሪያው በቀኝ

ገላን የምንገነባው መጋዘን ዲዛይኑ የተሠራው በአሜሪካ የኮንክሪት ኮድ ስለሆነ ይህ መጽሐፍ ከእጄ አይጠፋም። የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው፣ ልኬቱ በሚሊሜትር የሆነው እትም ነው። ገጹ ለሁለት ተከፍሏል፦ በግራ አስገዳጁ ድንጋጌ፣ በቀኝ ማብራሪያው። የማብራሪያው ቁጥር በ“አር” ፊደል ስለሚጀምር አይምታታም። ተቋራጩን የምጠይቀው በግራው ብቻ ነው፤ ቀኙ አያስገድድም።

ሰው የማሳምነው ግን በቀኙ ነው። ለዝናብም ለአፈርም ያልተጋለጠ ኮለን (ምሰሶ) ከቨሩ፣ ማለትም ብረቱን የሚሸፍነው የኮንክሪት ውፍረት፣ 40 ሚሊሜትር እንዲሆን ሠንጠረዡ ያዛል። ፌራዮው (ብረት ሠራተኛው) “ኢንጂነር፣ ከየትኛው ብረት ነው የሚለካው?” አለኝ። እሱ ሲለካ የኖረው ከዋናው ብረት ነው። ማብራሪያው ደግሞ ዋናውን ብረት ስታፋ (ዙሪያውን የሚታሰረው ቀጭን ብረት) ካቀፈው ልኬቱ እስከ ስታፋው የውጭ ጠርዝ ነው ይላል። ስታፋው ባለ 8 ሚሊሜትር ከሆነ በእሱ አለካክ የሚቀረው 32 ብቻ ነው። ገጹን ከፍቼ ተረጎምኩለት፤ ከቨር ብረቱን ከዝገት የሚጠብቅ መሆኑንም ነገርኩት። ስፔሰሩን (ብረቱን ከቅርጹ የሚያርቀውን መደገፊያ) ቀየረ፤ ከዚያ ማንም ሳያዘው የቀሩትን ኮለኖች እየዞረ ለካ። “ኮዱ ስላለ ነው” ብዬ ብቻ ባልፈው ይህ አይሆንም ነበር።

የእኛ የአንድምታ መምህራን የግእዙን ንባብ ሳይነኩ ትርጓሜውን በአማርኛ “አንድም” እያሉ ይደረድሩታል። ይህ መጽሐፍ የሚጎድለው እንዲህ ያለ አደራደር ነው። ታሪኩም፣ ምክንያቱም፣ ምክሩም በአንድ ዓምድ ተቀላቅሏል። ቲም ብሬይ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን የኤክስኤምኤል (ለኮምፒውተር መረጃ መጻፊያ ቋንቋ) ስታንዳርድ ሲያብራራ ታሪካዊውን፣ ቴክኒካዊውን፣ የአጠቃቀም ምክሩንና ምሳሌውን በየፊደሉ ለይቶ ምልክት አድርጎበታል። እዚህም እንዲያ ቢሆን ለፌራዮ ምሳሌውን፣ ለዲዛይነር ጥናቱን ወዲያው አውጥቶ ማሳየት ይቻል ነበር።

ክብደቱም ሌላ ችግር ነው። ከ600 ገጽ በላይ ነው፤ ማብራሪያ የሌለው ድንጋጌ ጎኑ ባዶ ይቀራል። እኔ በባዶው ላይ ሳይት ያጋጠመንን በአማርኛ በእርሳስ እጽፍበታለሁ፤ ስለዚህ ለሳይት የሚሆነው የታተመው ነው፣ የስልኩ ፒዲኤፍ አይመችም።

የአውሮፓን ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የራሳችን የሕንጻ ኮድ በዚህ አቀማመጥ፣ ቀኙ በአማርኛ ሆኖ ቢታተም ከደመወዜ ገዝቼ ለሳይቱ ፎርማኖች በሙሉ አድላለሁ።