ለስፖንጅ ጥይት መተኮሻ የመብራት ቱቦ ይሻላል ወይስ ፒፒአር?

ለልጆቻቸው የስፖንጅ ጥይት መተኮሻ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «አፈሙዙን ከምን እናድርገው?» መልሴ ያው ነው። ባለ 16 የመብራት ቱቦ ግዙ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበትን፣ የውጭ ስፋቱ 16 ሚሊ ሜትር የሆነውን የፕላስቲክ ቱቦ ማለቴ ነው።

ፒፒአር የውሃ ቱቦ ጠንካራ ነው፣ አልክድም። ግን ሂሳቡ አያዋጣም። ባለ 20 ሚሊ ሜትሩ በ4 ሜትር ዘንግ ነው የሚሸጠው፣ ዋጋውም ይከብዳል። ማጣበቂያ ደግሞ አይዘውም። ለማያያዝ የማቅለጫ ማሽን ይፈልጋል፣ ለቧንቧ ሠራተኛው ትከፍላላችሁ። የመብራት ቱቦው ዘንግ 3 ሜትር ነው። ሃያ አምስት ሃያ አምስት ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ብትቆርጡት 12 አፈሙዝ ይወጣዋል። ዋጋውን ለ12 አካፍሉትና ፍረዱ።

አንዱ ጓደኛዬ «ባለ 20 ሁሉ አንድ ነው» ተብሎ ፒኤን 16 ፒፒአር ገዛ (ፒኤን ማለት ቱቦው የሚችለው የግፊት ደረጃ ነው)። አንድ አይደለም። የፒኤን 20 ውስጡ 13.2 ሚሊ ሜትር ነው፣ የፒኤን 16ቱ 14.4። የተለመደው ጥይት 12.7 አካባቢ ስለሆነ አየሩ በጎኑ ሾልኮ ያልቃል። ጥይቱ እግሩ ሥር ነበር የሚወድቀው። ገንዘቡም አልተመለሰለትም።

የመብራት ቱቦም አስመሳይ አለው፣ እሱን ተጠንቀቁ። ስሱ ቱቦ በአውራ ጣት ሲጫኑት ይጠፈጠፋል፣ መጋዝ ሲነካው ይሰነጠቃል፣ ውስጡም ሰፊ ነው። ሱቅ ስትሄዱ አንድ ጥይት ኪሳችሁ ያዙ። ከታች ከትታችሁ ቱቦውን ቀጥ አድርጉት። ዱብ ካለ ተዉት። በትንሹ ብቻ የሚላላ ከሆነ ግን ችግር የለም፦ ጥይቱ የሚቀመጥበትን ጫፍ የፈላ ውሃ ውስጥ አቆዩትና በወፍራም ጨርቅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አጥብቡት። ፒፒአር ለሙቅ ውሃ የተሠራ ስለሆነ ይህን እሺ አይልም።

አየር ግን በመብራት ቱቦ ውስጥ አምቃችሁ እንዳታስቀምጡ። ሲፈነዳ ስለታም ስብርባሪ ይሆናል። በእጅ የሚገፋ ባለ 60 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ለዚህ አፈሙዝ ይበቃል፣ ልጆቹም መነጽር ያድርጉ።

ቤት እያሠራችሁ ከሆነና የፒኤን 20 ቁራጭ በነፃ ካገኛችሁ ግን ውሰዱት። ገንዘብ አውጥታችሁ አትግዙት እንጂ።