«ኤል ኤም 2596» ተብሎ የሚሸጠውን የቮልቴጅ መቀነሻ ሞጁል ሳትፈትኑ ከዕቃችሁ ጋር አታገናኙ

ከባትሪ 12 ወይም 24 ቮልት ተቀብሎ ወደ 5 ወይም 9 ቮልት የሚቀንሰው፣ «ኤል ኤም 2596» የሚል ጽሑፍ የታተመበት ቺፕ የያዘው አነስተኛ ሰማያዊ ሞጁል፣ በመርካቶ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆችም ሆነ በቴሌግራም ገበያዎች እንደ ልብ ይገኛል። መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ራውተራቸውን ከባትሪ ለማሠራት፣ ከሶላር ስልክ ለመሙላት ወይም ለመመረቂያ ፕሮጀክት የሚገዙት ሁሉ ይህን ጽሑፍ እንዲያነቡት እፈልጋለሁ። ከእነዚህ ሞጁሎች ብዙዎቹ የያዙት ቺፕ በላዩ ላይ ስሙ የታተመው ቺፕ አይደለም፤ ሲበላሽም ብቻውን አይበላሽም፣ የተገናኘበትን ዕቃ ጭምር ያቃጥላል።

ትክክለኛው ኤል ኤም 2596 መጀመሪያ የናሽናል ሴሚኮንዳክተር ምርት ነበር፤ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ይህን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ከገዛ ወዲህ ደግሞ የእርሱ ምርት ሆኗል። በአምራቹ መግለጫ መሠረት ቺፑ እስከ 40 ቮልት ይቀበላል፣ እስከ 3 አምፒር ይሰጣል፣ በውስጡ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራው ትራንዚስተርም በሴኮንድ 150 ሺህ ጊዜ ያህል ይከፈታል፣ ይዘጋል። በሐሰት ስም የሚሸጡት ግን ብዙውን ጊዜ በ50 ሺህ ገደማ ይሠራሉ፤ ይህም በ52 ሺህ ከሚሠራው ከቀደመው ትውልድ ቺፕ፣ ከኤል ኤም 2576፣ ጋር የሚቀራረብ ፍጥነት ነው። ከተፈቀደለት አከፋፋይ የሚገዛ አንድ ትክክለኛ ቺፕ ብቻውን ተገጣጥሞ ከሚሸጠው ሙሉ ሞጁል ይበልጥ ስለሚያስወጣ፣ ዋጋው ራሱ ሊያጠራጥረን ይገባል።

የፍጥነቱ ልዩነት ለምን ጉዳት እንደሚያስከትል መረዳት ያስፈልጋል። በሞጁሉ ላይ ያለው ኢንዳክተር ብዙውን ጊዜ «330» የሚል ምልክት ያለበት የ33 ማይክሮሄንሪ የሽቦ ጥቅል ሲሆን፣ የተመረጠውም በሴኮንድ 150 ሺህ ጊዜ ለሚሠራ ቺፕ ነው። ከ12 ቮልት ወደ 5 ቮልት በሚቀነስበት ጊዜ በዚህ ጥቅል ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚለው ከረንት በትክክለኛው ቺፕ 0.6 አምፒር ገደማ ሲሆን፣ ቺፑ በ52 ሺህ ሲሠራ ግን ወደ 1.7 አምፒር ይደርሳል። በዚህ ምክንያት ጥቅሉ ይግላል፣ ጭነት ሲበዛም ከአቅሙ አልፎ ከረንቱን መግታት ይሳነዋል፤ ቮልቴጁን የሚያረጋጉት ካፓሲተሮች ይደክማሉ፣ ትራንዚስተሩም ከልክ በላይ ይጨነቃል። ትራንዚስተሩ ሾርት ሆኖ (ማለትም ከረንቱን ማቋረጥ አቅቶት) የተበላሸ ዕለት የባትሪው ሙሉ ቮልቴጅ ያለ ምንም ቅነሳ ወደ መውጫው ያልፋል። አንድ ወዳጄ በ12 ቮልት ባትሪ ላይ የገጠመው ሞጁል በዚሁ መንገድ ተበላሽቶ በ5 ቮልት የሚሠራ የኮምፒውተር ሰሌዳውን አቃጥሎበታል፤ ሻጩም «አንተው አሳስተህ አገናኝተኸዋል» ከማለት በቀር መልስ አልሰጠውም።

«3 አምፒር» የሚለው ማስታወቂያም ቺፑ ትክክለኛ ቢሆን እንኳ አሳሳች ነው። 5 ቮልት በ3 አምፒር ማለት 15 ዋት ሲሆን፣ የቺፑ ብቃት በዚህ ሁኔታ 80 በመቶ ገደማ ስለሆነ ወደ 4 ዋት የሚጠጋ ኃይል ሙቀት ሆኖ በዚያች ጠባብ ሰሌዳ ላይ ይቀራል፤ ያለ ሙቀት ማስወገጃ ብረት ይህን ለረጅም ጊዜ የሚችል ሞጁል የለም። እኔ ከ1 አምፒር በላይ አላምነውም።

በእጃችሁ ያለውን ለመመርመር መልቲሜትር ይበቃል። አስቀድማችሁ መግቢያውን ለኩ፤ ከዚያም ምንም ዕቃ ሳታገናኙ መውጫውን ለኩ። አዲስ ሞጁል መውጫው ከመግቢያው ጋር ሊቀራረብ ይችላል፤ ይህ ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም፣ ቮልቴጁን የምታስተካክለው የነሐስ ብሎን ብዙ ዙር የምትሽከረከር ስለሆነች ቮልቴጁ መውረድ እስኪጀምር ድረስ ወደ ግራ ደጋግሞ ማዞር ያስፈልጋል። ብሎኗ ምንም ያህል ብትዞር መውጫው ካልወረደ ባትሪውን አላቅቁና በቺፑ የመጀመሪያና የሁለተኛ እግሮች መካከል ያለውን ሬዚስታንስ በሁለቱም አቅጣጫ ለኩ። በሁለቱም በኩል ዜሮ አካባቢ ካሳየ ትራንዚስተሩ ሾርት ሆኗልና ሞጁሉን አስወግዱት። ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማሳለፍ ያለበት ዳዮድም በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ ካሳየ እርሱ ወይም ከእርሱ ጋር የተያያዘ አንድ ክፍል ሾርት ነው፤ ነቅላችሁ ለብቻው ለኩት።

ሐሰተኛውን ለመለየት ደግሞ መውጫውን 5 ቮልት ላይ አስተካክላችሁ፣ የ5 ኦም 10 ዋት ሬዚስተር በመውጫው ላይ አገናኙ፤ ይህ 1 አምፒር ያህል ይስባል። መልቲሜትራችሁ ድግግሞሽ የሚለካ ከሆነ ከቺፑ ሁለተኛ እግር ላይ ለኩ፣ ሌላውን ሽቦ የሞጁሉ ኔጌቲቭ (ግራውንድ) ላይ አድርጋችሁ። የአምራቹ መግለጫ ከ127 እስከ 173 ኪሎኸርትዝ (በሴኮንድ ከ127 እስከ 173 ሺህ ጊዜ) ይፈቅዳል፤ ንባቡ 50 አካባቢ ከሆነ የተሸጠላችሁ ሌላ ቺፕ ነው። ሬዚስተሩን ግማሽ ሰዓት ያህል ተዉትና ቮልቴጁ መዋዠቅ ወይም እየጠፋ መመለስ መጀመር አለመጀመሩን ተመልከቱ። ሬዚስተሩም ቺፑም ስለሚያቃጥሉ በእጃችሁ አትንኳቸው።

ገዝታችሁ ከሆነና መጠቀም ግድ ከሆነባችሁ፣ በመግቢያው ላይ የ1 አምፒር ፊውዝ፣ በ5 ቮልት መውጫው ላይ ደግሞ የ5.6 ቮልት 5 ዋት ዜነር ዳዮድ ግጠሙ፤ ትራንዚስተሩ ሾርት ሲሆን ዜነሩ ከረንቱን ወደ ራሱ ስቦ ፊውዙን ያስበጥሰዋል። ጥበቃው ፍጹም አይደለም፣ ነገር ግን የሁለቱ ዋጋ ከአንድ ራውተር ወይም ስልክ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሳትተኙ ልትከታተሉት በማትችሉበት ቦታ፣ በተለይም ሌሊት ከባትሪ ጋር ተገናኝቶ እንዲያድር አታድርጉ።

አዲስ የምትገዙ ከሆነ ሻጩን ሞጁሉን በፊታችሁ በጭነት እንዲፈትንላችሁ ጠይቁት፤ የቺፑ ስም፣ የሚሰጠው አምፒርና የመመለሻው ጊዜ ደረሰኙ ላይ እንዲጻፍም አድርጉ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፣ ሸማቹም ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል። በቴሌግራም የምታዙ ደግሞ የማስታወቂያውን ፎቶና ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትን ከመክፈላችሁ በፊት አስቀምጡ፤ ማስታወቂያው ከተሰረዘ በኋላ «3 አምፒር ብለኸኝ ነበር» ብሎ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው።