በእጮኛ ቪዛ ትምጣ ወይስ ተጋብታችሁ?

አሜሪካዊ ዜጋ አዲስ አበባ ያለች እጮኛውን ለማምጣት ሁለት መንገድ አለው፤ ኬ-1 የሚባለው የእጮኛ ቪዛ ወይም ተጋብቶ የትዳር ጓደኛ ቪዛ። (ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ምርጫ የለውም፤ ለሚስቱ እንጂ ለእጮኛው ማመልከት አይችልም።)

ወጪ፦ ኬ-1 መጀመሪያ ላይ ቀለል ይላል። ከገባች በኋላ ግን ለግሪን ካርዱ ሌላ ማመልከቻ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ተመን እሱ ብቻውን 1,440 ዶላር ነው። በድምሩ የሚረክሰው የትዳሩ ነው።

ሥራ፦ በትዳር ቪዛ የመጣች እንደገባች ትሠራለች። በኬ-1 የመጣች በ90 ቀን ውስጥ ተጋብታ፣ አመልክታ፣ የሥራ ፈቃዷን ትጠብቃለች።

አደጋ፦ እኛን የሚያጠምደን እዚህ ላይ ነው። ኬ-1 ላልተጋቡ ብቻ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ሰርግ ተደግሶ፣ የቬሎ ፎቶ ይዞ «እጮኛዬ ናት» ማለት ኤምባሲ ውስጥ ጣጣ ያመጣል፤ የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግም የሃይማኖትና የባህል ጋብቻን ያውቃል። ድግሱ ካለፈ ኬ-1ን ተዉት፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁን አውጡ።

ልጅ ካላት፦ በትዳሩ መንገድ ልጁ የሚመጣው የባልየው የእንጀራ ልጅ ሆኖ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጋብቻው ልጁ 18 ሳይሞላው መፈጸም አለበት። በኬ-1 ግን 21 ያልሞላውና ያላገባ ልጅ ይከተላታል።

ስለዚህ የ19 ዓመት ልጅ ላላት፣ ወይም ጋብቻውን አሜሪካ መፈጸም ለሚፈልጉ፣ ኬ-1፤ ቶሎ ሥራ መግባት ላለባት ደግሞ ትዳሩ ይሻላል።